ጠበቃውና የዕዳ ቁራኛው

በቀድሞው የአገራችን የፍርድ ሥርዓት ባለዕዳና ባለገንዘብ በሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ እንደነበር ይታወቃል። ተበዳሪው ከዕዳው ነጻ እስኪወጣ ድረስ ቁራኛው ከጎኑ አይለይም ነበር። ዛሬ ይህ ሰንሰለት በዓይን አይታይ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም። ሌላውን ከእስራት ለማስፈታት ሕግ የተማረው ሰው ራሱ ታስሮ የሚመረቅበት አገር አለ፤ ይኸውም አሜሪካ ነው።

በዚያ አገር ጠበቃ ለመሆን የሚሻ ሰው በተለምዶ 4 ዓመት በኮሌጅ፣ ከዚያም 3 ዓመት በሕግ ትምህርት ቤት ይማራል። በስመ ጥሮቹ የግል ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ ብቻ ከ70,000 ዶላር ያልፋል፤ ቀለብና የቤት ኪራይ በዚህ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህም አብዛኛው ተማሪ ይበደራል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣት ጠበቆችን ጠይቆ ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በምረቃ ጊዜ የነበረባቸው አማካይ ዕዳ ከ160,000 ዶላር በላይ ነበር።

«ጠበቃ ገቢው ብዙ ነውና ይከፍለዋል» የሚል አይታጣም። ሆኖም የጀማሪ ጠበቆች ደመወዝ በመካከሉ ሸለቆ እንዳለው ባለ ሁለት ጫፍ ተራራ ነው። ለታላላቅ ኩባንያዎች የሚሟገቱት ግዙፍ የጠበቆች ድርጅቶች ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለጀማሪ በዓመት 225,000 ዶላር መክፈል ይዘዋል። በሌላው ወገን ለድኃ ተከሳሽ የሚቆመው የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ በ70,000 ዶላር አካባቢ ይጀምራል። የሁለቱ አማካይ 147,500 ዶላር ቢሆንም፣ በዚህ ደመወዝ ሥራ የሚጀምረው ጥቂት ነው።

እስቲ እናስላው። 160,000 ዶላር በ7 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት ይከፈል ቢባል፣ በየወሩ 1,858 ዶላር ግድም ይጠይቃል። ግብር ሳይነሳ ይህ ለመጀመሪያው የደመወዙ አንድ አሥረኛ፣ ለሁለተኛው ግን አንድ ሦስተኛ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ዕዳው አንድ ሆኖ ሸክሙ ሁለት ነው።

ማምለጫውም ጠባብ ነው። ነጋዴ ቢከስር በፍርድ ቤት ከዕዳው ሊወጣ ሲችል፣ የተማሪ ብድር ግን ከ1976 ጀምሮ በወጡ ሕጎች እየጠበቀ ሄዶ ከፍተኛ ችግር ላላረጋገጠ ሰው አይሰረዝም። በ2007 የወጣ ሕግ ለመንግሥት ወይም ለበጎ አድራጎት እየሠራ 120 ወርሃዊ ክፍያ የፈጸመ ሰው ቀሪው የመንግሥት ብድር እንዲማርለት ፈቅዷል። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ወዲህ የሚበደር አዲስ የሕግ ተማሪ በዓመት ከ50,000፣ በጠቅላላውም ከ200,000 ዶላር በላይ የመንግሥት ብድር እንዳይወስድ ወስኗል። ክፍያው ካልቀነሰ ግን ጎዶሎው ከግል ባንክ መፈለጉ አይቀርም።

የጉዳዩ ክብደት በጠበቃው ኪስ ብቻ የሚለካ አይደለም። ለድኃ ልቆም ብሎ የተማረ ወጣት ዕዳው ወደ ባለጸጋው ደጅ ሲጎትተው፣ ተከላካይ አጥቶ የሚጉላላው ምስኪኑ ተከሳሽ ነው። ስለሆነም በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ወደ ሕግ ትምህርት ሲልኩ፣ «አማካይ ደመወዙ ስንት ነው?» ብለው ብቻ አይመለሱ፤ «ከተመራቂዎቹ ስንቱ በየትኛው ጫፍ ተቀጠረ?» ብለው ይጠይቁ። ዕውቅና ያላቸው ትምህርት ቤቶች የተመራቂዎቻቸውን የሥራ ሁኔታ በየዓመቱ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸውና፣ ጥያቄው መልስ አያጣም።