ለማንም እንዳትናገሩ፦ ጀልባዋ የተሰፋች ናት

ጠጋ በሉ። ድምፄን ዝቅ ላድርግ።

ያቺ ሐይቅ ዳር ቆማ በቫርኒሽ የምታብለጨልጨው ትንሽ የእንጨት ጀልባ አለች አይደል? ባለቤቷ «ቤቴ ውስጥ በእጄ ነው የሠራኋት» ሲል ሰው ሁሉ አፉን ይከፍታል። ከዚያ ወዲያ እሱ ዝም ነው። ምን ይበል? እውነቱን ቢናገር ያናጢነት ክብሩ ይቀንሳላ!

እኔ እህታችሁ ግን እናገራለሁ። ጀልባዋ የተሰፋች ናት። አዎ፣ እንደ ቀሚስ! ኮምፔርሳቶው በንድፉ ልክ ይቆረጣል፣ ጠርዝ ጠርዙ በትራፓኖ ይበሳል፣ ከዚያ በመዳብ ሽቦ ጥልፍ፣ በፒንሳ ጥምዝዝ። ጠርዝና ጠርዝ ሲገናኝ ያ ደረቅ ጣውላ ጎበጥ ይልና የጀልባ ሆድ ያወጣል። የጣና ሰዎች ቢሰሙን ይስቁብናል፤ እነሱ ደንገል አስረው ታንኳ ሲያንሳፍፉ ስንት ዘመናቸው!

ይህን ዘዴ በየሰዉ ጓዳ ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ1963 እንግሊዝ አገር የወጣችው ሚረር ናት፤ 3.3 ሜትር ርዝመት፣ ቀይ ሸራ። ስሟም የሸራዋም ቀለም የዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ነው። ከነዳፊዎቿ ጃክ ሆልት የጀልባ ሰው ነበር፤ ባሪ ባክኔል ግን በቴሌቪዥን የቤት ጥገና የሚያሳይ ሰው። ከ70,000 በላይ ተሠርታለች። ያ ሁሉ አናጢ ከየት መጣ? እሱን ነው የምላችሁ!

ከስፌቱ ወዲያ ሥራው ወጥ ቤት ነው። ኤፖክሲው ከማጠንከሪያው ጋር ይዋሐዳል፣ የእንጨት ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ገንፎ እስኪመስል ይማሰላል። በየመጋጠሚያው ውስጥ ሞልታችሁ በማንኪያ ጀርባ ታለሰልሱታላችሁ። ላዩ ላይ የፋይበርግላስ ጥብጣብ። ሲደርቅ ሽቦው ይነቀላል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ቀለም ይቀባል። ማን አየ?

ብዙ አታቡኩ ታዲያ። በጠባብ ጣሳ የተከማቸ ኤፖክሲ እሳት ሳይነካው ይግላል፤ ሲብስም ይጨሳል። እንዴት አወቅሽ? እሱን ተዉት።

ሻጩ «ውሃ አይበግረውም» ብሎ የሚምልበትስ ኮምፔርሳቶ? ቁራጩን ድስት ውስጥ ቀቅሉት። ንብርብሩ ከተላቀቀ፣ መሐላውን ለባለቤቱ መልሱለት።

ፎቶ ላይ የማይወጣው ግን ብርጭቆ ወረቀቱ ነው። ስፌቱ ሲያልቅ «ጨረስኩ» ያለ ሰው ገና አልጀመረም። ፍተጋ፣ እንደገና ፍተጋ፣ ጸጉር ውስጥ፣ ቡና ስኒ ውስጥ፣ ትራስ ላይ ብናኝ። አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ያልደረቀ ኤፖክሲም በባዶ እጅ አይነካም፤ ቆዳችሁ አንዴ ከተቀየመው ዕርቅ የለም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት በሩን ለኩ፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ኮሪደርም ጭምር። 3.3 ሜትር ጀልባ ኩርባ ላይ አይታጠፍም። ሳሎኑ ውስጥ ጨርሶ መስኮቱን ከነመቃኑ የነቀለ ሰው አውቃለሁ። ለሚስቱ «ምስጥ በልቶት ነው» ነው ያላት።

ስሙን አትጠይቁኝ።