የፒክአፕ መረገጫ ሲገዙ ከሚያብረቀርቀው ቱቦ በፊት መያዣውን ይዩ

መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ «የሃይሉክስ የጎን መረገጫ» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ የተናገረው ግማሹን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2015 የተመረተውና በታይላንድ ገበያ «ቪጎ» የተባለው ሃይሉክስ፣ ከ2015 ወዲህ ከመጣው «ሬቮ» ጋር ሻንሲው የተለያየ በመሆኑ የአንዱ መያዣ ብረት ለሌላው ቀዳዳ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ነጠላና ደብል ጋቢና ደግሞ በቱቦው ርዝመት ይለያያሉ። የደብሉ በነጠላው ላይ ሲታሰር ከጋቢናው አልፎ ወደ ኋላ ጎማ ይጠጋል፤ የነጠላው በደብሉ ላይ ሲሆን ከኋላ የሚቀመጠው ሰው የሚረግጠው ያጣል። ስለዚህ ገዢው የምርት ዘመኑንና የጋቢናውን ዓይነት፣ ቢቻል የሻንሲ ቁጥሩንም ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

ስህተቱ ርካሽ አይደለም። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመደረጉ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ይህንኑ ተሸክሞ ነው መደርደሪያ ላይ የሚወጣው። ሳይገጥም የቀረ ዕቃ መልሶ ገንዘብ የሚቆጥር ሻጭ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

የማይገጥም መረገጫ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመራው ወደ በያጅ ነው፤ ትልቁ ኪሳራም የሚጀምረው እዚያ ነው። የፒክአፕ ጋቢና በሻንሲው ላይ በጎማ ትራስ የተቀመጠ በመሆኑ በኮረኮንች መንገድ ሁለቱ እኩል አይወዛወዙም። አንዱ ወገን ከሻንሲ፣ ሌላው ከበሩ ሥር ካለው ላሜራ ጋር የተበየደ መረገጫ ውሎ አድሮ ላሜራውን ይሰነጥቃል፤ አለዚያም ብየዳው ይለቃል። እሳቱ የፋብሪካውን ቀለምና የፀረ ዝገት ሽፋን ስለሚያቃጥል ዝገቱ ብዙም አይቆይም። መኪናው ለሽያጭ ሲቀርብ ሥሩን ጎንበስ ብሎ የሚያይ ደላላ የብየዳ ጠባሳ ካገኘ «ተጋጭቶ ይሆናል» ብሎ ይጠረጥራል፤ ዋጋ መቁረጫም አገኘ ማለት ነው። በፋብሪካው ቀዳዳ በብሎን የታሰረ ግን ሲፈለግ ይፈታል።

ሌላው የማታለያ ቦታ ብረቱ ነው። አይዝጌ ነው ተብሎ የሚሸጠው በክሮም የተለበጠ ተራ ብረት ሊሆን ይችላል። ማግኔት አስጠግቶ መሞከር ጥሩ ነው፤ አጥብቆ ከያዘ ያጠራጥራል። ሆኖም ማግኔት የሚስብ አይዝጌም ስላለ በዚህ ብቻ አይፈረድም። የቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ክዳን ነቅሎ ውስጡን ማየት ይበልጣል፤ ክሮሙ ውጭውን እንጂ ውስጡን አይሸፍንም። ጭቃና ውሃ የሚጠራቀመው ደግሞ እዚያው ውስጥ ስለሆነ ከሥሩ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ያለው ይመረጣል። ጥቁር ቀለም የተቀባው ብረት ቢያንስ ምንነቱን አይደብቅም።

ከተማ ውስጥ ለሚውል መኪና ዝቅ ያለ ሰፊ መረገጫ ለአዛውንትም ቀሚስ ለለበሰም ይመቻል። ወደ ሳይትና ወደ እርሻ ለሚመላለስ ግን ያው ዝቅታ ከድንጋይ ጋር ያጋጫል፤ ለዚህ ከጋቢናው ሥር ተጠግቶ የሚታሰር ክብ ቱቦ ይሻላል። በየትኛውም ቢሆን ክሪክ አይገባበትም፤ ሰው እንዲሸከም የተሠራ መያዣ ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና አይችልም።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የግራና የቀኝ መያዣዎች ከነብሎናቸው ካርቶኑ ውስጥ መኖራቸው ይቆጠር። ከገጠመ በኋላም ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ተነድቶ ብሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ።