ከኢሜይል ግሩፑ የተረፉ ደብዳቤዎች

ወጣቶች «ግሩፕ» ሲባል ቴሌግራም ነው የሚታያቸው። በነርስነት ዲፕሎማ አብረን የተመረቅን ጓደኛሞች ግን ከዚያ በፊት የኢሜይል ግሩፕ ነበረን። አንዱ ለአንድ አድራሻ ሲጽፍ መቀሌም፣ አዲስ አበባም፣ አሜሪካም ላለው ሁሉ ይደርሳል። እኔ ሮማናት አካባቢ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ በደቂቃ እየከፈልኩ አነብ ነበር። ሂሳቡ ስለሚቆጥር ይሁን አላውቅም፣ ሰው አስቦ ነበር የሚጽፈው፤ የልጅ ሠርግ፣ የአባት ሞት፣ ስለ ስኳር ሕመም ምክር።

ኋላ ፌስቡክ መጣና ሰዉ ወደዚያ ሄደ። ያሁ ሜሴንጀር ሐምሌ 2010 ተዘጋ። የብዙ ኢሜይል ግሩፖች ቤት የነበረው ያሁ ግሩፕስም ታኅሣሥ 6 ቀን 2013 ዓ.ም. ጨርሶ ቆመ። ትግራይ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ከተቋረጠ ያን ዕለት 41 ቀን ሆኖ ነበር። እኔ ወሬውን የሰማሁት ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ መስመር ሲመለስ ነው።

ግሩፕ ሲዘጋ የሚጠፋው በጋራ የተቀመጠው ነው፤ በየሰው ሳጥን የደረሰው ቅጂ ይቀራል። ሆኖም በነፃ ኢሜይል ከሚሰጡት አንዳንዶቹ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ ሳጥን ያጸዳሉ። የኔ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ውጭ ያለች ጓደኛዬ የቀራትን እየፈለገች ላከችልኝ። ከመካከሉ፣ በጦርነቱ ጊዜ ያረፈች ባልደረባችን ገጠር ጤና ጣቢያ ለብቻዋ ስላዋለደችበት የመጀመሪያ ሌሊት የጻፈችው ሦስት ገጽ አለ።

ፕሪንት አስደርጌ ለልጆቿ ወሰድኩላቸው። ትልቋ ቆማ አነበበችው። «እማዬ እንዲህ ትጽፍ ነበር እንዴ?» አለችኝ።