ድንጋዩን ገልብጡ
የትራውት ዓሣ አጥማጅ ለሆሳዕና ገበሬ የሚያስተምረው

በሀዲያና በከምባታ የምትኖሩ ገበሬዎች፣ እናንተም የልማት ሠራተኞች፣ ስለ ዓሣ ስንጽፍላችሁ «በእኛ ደጋ ምን ዓሣ አለና ነው?» ትሉ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ዓሣ እንድታጠምዱ ለመምከር የተጻፈ አይደለም። ዓላማው የተራራ ወንዝ ዓሣ አጥማጅ ውኃን የሚመረምርበትን ቀላል ዘዴ ለእርሻችሁ ጥቅም እንድታውሉት ማስረዳት ነው።

ትራውት ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

ትራውት በቀዝቃዛና ጥሩ አድርጎ በሚፈስ የተራራ ወንዝ የሚኖር ዓሣ ነው። የሀገራችን ተወላጅ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ከብሪታንያ ወደ ኬንያ ተራሮች ተወሰደ፤ ከኬንያም በ1960ዎቹ ወደ ባሌ መጥቶ በዌብና በዳንካ ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ። በዲንሾ አካባቢ የለመደው ውኃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው። ለትራውት የሚስማማው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ያለ ውኃ ነው፤ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይቸገራል፤ ወደ 25 ዲግሪ ሲደርስ ይሞታል። ምክንያቱም ውኃ እየሞቀ በሄደ መጠን በውስጡ የሚይዘው አየር እያነሰ ይሄዳል። እንቁላሉንም የሚቀብረው በጠጠር መካከል ስለሆነ ጭቃ ጠጠሩን ከሸፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይጠፋል።

አጥማጁ ድንጋይ የሚገለብጠው ለምንድን ነው?

የትራውት ዋና ምግብ በወንዝ ድንጋይ ሥር የሚያድጉ ትንንሽ ነፍሳት ናቸው። በአውሮፓ ክረምቱ አልፎ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ውኃው ለብ ማለት ሲጀምር፣ እነዚህ ነፍሳት ወደ ላይ ወጥተው ክንፍ ያበቅላሉ፤ ዓሣውም ሊበላቸው ይወጣል። አጥማጁ በትል ፈንታ መንጠቆው ላይ የዶሮ ላባ በክር አስሮ ዝንብ ያስመስላል። የትኛውን ዝንብ ማስመሰል እንዳለበት የሚያውቀው ግን አስቀድሞ ድንጋይ ገልብጦ ሲያይ ነው። ነፍሳት ከሌሉ ዓሣም እንደሌለ ስለሚያውቅ ዘንጉን ይዞ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። ገበሬ ግን መሬቱን ትቶ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ምርመራው ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው።

በእኛ ሀገር መቼና እንዴት ይመረመራል?

የእነርሱ የዓሣ ወራት ለእኛ በልግ ነው። አዲስ የታረሰ መሬት በዝናብ ስለሚታጠብ ወንዙ ይደፈርሳል። ለእኛ የሚስማማው ጊዜ ክረምቱ አልፎ ውኃው የሚጠራበት ጥቅምትና ኅዳር ነው። ውኃው ከጉልበት በታች ሆኖ ፈጠን ብሎ ከሚፈስበት ቦታ አምስት ወይም ስድስት ድንጋዮች አንሡ፤ ሥራቸውን በነጭ ሳህን ላይ እጠቡ። ይህን ከእርሻችሁ በላይና ከእርሻችሁ በታች አድርጉና አወዳድሩ።

1ኛ/ ሁለት ወይም ሦስት ቀጭን ጭራ ያላቸው ጠፍጣፋ ነፍሳት፣ ወይም ከአሸዋና ከስንጥር ትንሽ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ትሎች ካገኛችሁ ውኃው በቂ አየር አለው፤ ወንዙ ጤነኛ ነው።

2ኛ/ ቀያይ ትሎችና አልቅት ብቻ ከሆኑ እበትና ቆሻሻ በዝቶበታል።

3ኛ/ ድንጋዩ በጭቃ ተውጦ ከሥሩ ምንም ከሌለ ከእርሻ አፈር እየታጠበ ነው።

4ኛ/ ድንጋዩ ንጹሕ ሆኖ ሕይወት ያለው ነገር ከጠፋበት የተባይ መድኃኒት ወይም ብርብራ ከላይ መግባቱን ጠርጥሩ። ከጎርፍ በኋላ ወዲያው ያያችሁ እንደሆነ ግን ነፍሳቱን ውኃው ወስዷቸው ሊሆን ስለሚችል ከሦስት ሳምንት በኋላ ድገሙት።

ነፍሳት መኖራቸው ውኃው ለመጠጥ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ የሚጠጣ ውኃ መፍላት አለበት።

ምን ይደረግ?

ሆሳዕና የምትገኘው በሁለት ተፋሰሶች መካከል ነው። በምሥራቅ የሚወርደው ውኃ በቢላቴ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ፣ በምዕራብ የሚወርደው ወደ ኦሞ ይሄዳል። በድንጋዩ ሥር ያያችሁት ጭቃ ለእንሰታችሁና ለስንዴያችሁ የሚሆን አፈር ነበር፤ አንድ ጊዜ ከወረደ አይመለስም። ስለዚህ፦

ሀ/ እስከ ወንዙ ዳር ድረስ አትረሱ። ቢያንስ 10 እርምጃ ትታችሁ ደሾ ወይም ዝሆኔ ሣር ትከሉበት፤ ሣሩም ለከብት መኖ ይሆናል። ተዳፋቱን በእርከን ያዙ።

ለ/ ከብቶች በየቦታው ወንዙን እንዳይረግጡ አንድ መውረጃ ወይም ገንዳ አብጁላቸው።

ሐ/ የመርጫ መሣሪያ በወንዝ ውስጥ አትጠቡ። በብርብራ ፍሬ ዓሣ ማጥመድም ይቅር፤ በውስጡ ያለው መርዝ ዓሣውን ብቻ ሳይሆን የሚመገባቸውን ነፍሳት ጭምር ይገድላል።

ትራውትን ወደ ሆሳዕና እናምጣ ወይ?

አይገባም። ጅረቶቻችን ፈጥነው ወደ ሞቃት ቆላ ይወርዳሉ፤ በዝናብ ወራትም ይደፈርሳሉ። ከዚህም በላይ ትራውት የወንዙን ተወላጅ ትናንሽ ዓሦችና እንቁራሪቶች ይበላል። በኩሬ ዓሣ ማርባት የምትፈልጉ ቆላማ ቦታ ካላችሁ ቆሮሶ ይሻላችኋል፤ ቆሮሶ ሙቀት ይወዳልና በደጋ ዕድገቱ ይዘገያል።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፣ በመጪው ኅዳር ገበሬዎችን ሰብስባችሁ ወደ ወንዝ ውረዱ። ያገኛችሁትን በደብተር ጻፉ፤ በዓመቱም በዚያው ቦታ ድገሙት። ሣር የተተከለበት ዳርና ያልተተከለበት ዳር ልዩነታቸውን ገበሬው ራሱ በሳህኑ ላይ ያየዋል።