ሞራ ሲናገር

በግ ታርዶ ሆዱ ሲከፈት አያቴ ቀድመው የሚያነሱት ሞራውን ነበር። እንደ ነጠላ በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ፀሐይ ያቀኑታል። የደም ሥሮቹን አካሄድ፣ ነጠብጣቡን፣ የስቡን ስስና ወፍራም አንድ በአንድ መርምረው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ቤተሰቡ ጤና ይናገራሉ። በአገራችን በብዙ አካባቢ እንዲህ ያሉ ሞራ ገላጮች አሉ። ያ ሞራ በእኛም ሆድ ውስጥ ከጨጓራ ተንጠልጥሎ አንጀትን ሸፍኖ እንደሚገኝ ያየሁት ሕክምና ስማር ነው። ቀን ከሌት ለጉበት፣ ለጡንቻና ለአንጎል መልእክት እንደሚልክ በወጉ የገባኝ ግን ከዚያም በኋላ፣ በሽተኞቼን ሳይ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ከባለቤታቸው ጋር ወደ ክፍሌ ገቡ። ዕድሜያቸው 46፣ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ70፣ ክብደታቸው 70 ኪሎ። ክብደትን ከቁመት በሚያነጻጽረው ሠንጠረዥ ምንም እንከን አይወጣላቸውም። ባለቤታቸው፣ «ሌሊት ሦስት አራቴ ለሽንት ይነሣል፣ ውኃ ጠጥቶ አይረካም» አሉኝ። እሳቸው ግን ለመምጣታቸውም ምክንያት አልታያቸውም። «እኔ እኮ ወፍራም አይደለሁም ዶክተር፤ የሱሪ ቁጥሬ ከሠርጌ ጀምሮ አልተቀየረም።»

ቀበቷቸውን አየሁ። ከቦርጫቸው ሥር ዝቅ ብሎ ታስሯል። የሱሪው ቁጥር ያልተቀየረው ለዚህ ነው። ሜትሬን አውጥቼ ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት አናት መካከል፣ ትንፋሻቸውን ሲያወጡ ጠብቄ ለካሁ፤ 101 ሴንቲ ሜትር። የጾም ስኳራቸው 198 ሆኖ መጣ። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመም እንላለን። በአልትራሳውንድ ሲታይ ጉበታቸውም ስብ ይዟል።

ስብ የተረፈ ምግብ የሚጠራቀምበት ጎተራ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጎተራነቱ እውነት ነው። ግን ከዚያም በላይ እንደ እንቅርት ዕጢ ንጥረ ነገር እያመረተ ወደ ደም የሚለቅ አካል ነው። ይህን በጉልህ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1994 ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ያገኘው ሌፕቲን የተባለ ፕሮቲን ነው። ስብ ሌፕቲን እየላከ አንጎልን «በቂ ስንቅ አለ» ይለዋል። ይህ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች በልተው አይጠግቡም፣ እጅግ ይወፍራሉ፤ በመርፌ ሲሰጣቸው ይከሳሉ። ያን ጊዜ የውፍረት መድኃኒት ተገኘ ተብሎ ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ ወፍራም ሰዎች ሌፕቲን አላነሳቸውም፤ እንዲያውም ሞልቷቸዋል። መልእክቱ ይላካል፣ አንጎል ግን አይቀበለውም። ሰው ክብደት ሲቀንስ ደግሞ ሌፕቲኑ ይወርድና ረሃቡ ይበረታል። ስለዚህ በሽተኛ «ርቦኛል» ሲለኝ አምነዋለሁ። ሆዳም እያሉ ሰውን ማሸማቀቅ ከሐኪም አፍ ሊወጣ አይገባም።

ስብ የሚልከው ሌላው ፕሮቲን አዲፖኔክቲን ይባላል። ጉበትና ጡንቻ የደም ስኳርን የሚያወርደውን የኢንሱሊንን ትእዛዝ እንዲሰሙ የሚያግዝ፣ የደም ሥርን የሚጠብቅ በጎ ፕሮቲን ነው። የሚሠራው በስብ ሆኖ ሳለ ስብ ሲበዛ፣ በተለይ የሆድ ስብ ሲበዛ፣ እሱ ያንሳል። ይህን ሳስብ ዛሬም ይደንቀኛል።

የሾፌሩን ነገር የሚያስረዳው ግን ብግነት ነው፤ በተለምዶ የሰውነት መቆጣት የምንለው። እሾህ የወጋው ጣት ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያማል፤ ከዚያ ይድናል። በሆድ ስብ ውስጥ ያለው ብግነት ግን እንደ ረመጥ ነው፤ አመድ ለብሶ ለዓመታት ይፋጃል፣ ትኩሳትም ሕመምም የለውም። የስብ ሕዋስ ከልክ በላይ ሲነፋ ኦክስጅን በወጉ አይደርሰውም፣ አንዳንዱም ይሞታል። የሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት የሞተውን ለማንሣት መጥተው ዙሪያውን ይከቡታል፤ እነዚህ ሕዋሳት በወፍራሞች ስብ ውስጥ እንደሚበዙ እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት የአሜሪካ የምርምር ቡድኖች አሳይተዋል። እነዚህ ጠባቂዎችና ራሱ ስቡ እንደ ቲኤንኤፍ አልፋና ኢንተርሉኪን 6 ያሉ ፕሮቲኖችን ይረጫሉ። ቲኤንኤፍ የኢንሱሊንን ሥራ እንደሚያውክ ጎክሃን ሆታሚሽሊጊልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 በአይጦች ላይ አሳይተዋል። ከሞራ የሚወጣው ደም ደግሞ ወደ ልብ ከመሄዱ በፊት በቀጥታ ጉበት ውስጥ ይገባል። ጉበት ያን ሁሉ ሳይበረዝ ይቀበላል፤ ኢንሱሊንን መስማት ያቆማል፣ ሌሊቱን ሙሉ ስኳር ወደ ደም ሲለቅ ያድራል።

በዚያው ሳምንት ያየኋቸው እናት 92 ኪሎ ናቸው፤ ዳሌያቸውና ጭናቸው ሰፊ፣ ስኳራቸው ግን ደህና። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ጉበታቸው ንጹሕ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ቫግ እ.ኤ.አ. በ1947 ይህንኑ ጽፈው ነበር፤ የሚጎዳው የውፍረት ዓይነት በላይኛው አካልና በሆድ ላይ የሚያርፈው ነው ብለው። ከቆዳ ሥር፣ በዳሌ ላይ ያለው ስብ ትርፉን ይዞ ያስቀምጣል። ስብ ጭራሹን ሳይኖራቸው የሚወለዱ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ እነሱም ከባድ የስኳር ሕመም ይይዛቸዋል፣ ትርፉ ማረፊያ አጥቶ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ይገባልና።

ክብደት ብቻውን ሁሉን እንደማይናገር ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ታሪክም ያሳያል። ከገጠር ሲነሡ የስኳር ሕመም እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ፣ ገና ወፍራም ሳይባሉ፣ ሕመሙ በዛባቸው። ቀጭን በሚባል ኢትዮጵያዊ ላይ ሚዛን ብቻ ይዞ መፍረድ አደገኛ ነው የምለው ለዚህ ነው። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ስንቱን «ክብደትዎ ጥሩ ነው» ብዬ ሸኝቻለሁ። ዛሬ ይቆጨኛል።

ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ለመገጣጠሚያ ብግነት አለ። የስኳር ሕመምን ግን እንደታሰበው አላሻለም፤ መልእክቱ የአንድ ፕሮቲን ብቻ አይደለምና። ረመጡ የሚበርደው ማገዶው ሲቀንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ፣ ግን ገና ያልታመሙ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከክብደታቸው 7 በመቶ ያህል ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተጣጣሩት፣ የመታመም ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል።

ለሾፌሩ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት አዘዝኩላቸው፤ ከዚያ ስለ መንገድ አወራን። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ተቀምጠው፣ ማታ መኪና ካቆሙ በኋላ ከባድ እራትና ለስላሳ፣ ወዲያው እንቅልፍ። ለስላሳውን ተዉ። እራቱን አሳነሱ። ባቆሙበት ከተማ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ ጀመሩ። በአምስተኛው ወር ሲመለሱ ክብደታቸው የቀነሰው 4 ኪሎ ብቻ ነበር። ወገባቸው ግን 94፣ የጾም ስኳራቸው 121። ባለቤታቸው፣ «ጎረቤት ሁሉ፣ ምን ነካው፣ ከሳ፣ ታመመ ወይ እያለ ይጠይቀኛል» አሉኝ። ቦርጭ የምቾት ምልክት በሆነበት አገር ወገቡ የቀነሰ ሰው እንደ ታመመ ይቆጠራል። «ታሞ ነበር፤ አሁን እየዳነ ነው በሏቸው» አልኳቸው።

በየጤና ጣቢያው ለምትሠሩ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ፤ ከሚዛኑ አጠገብ የልብስ ሰፊ ሜትር ይንጠልጠል። ለእኛ አካባቢ ሰዎች አሁን የምንጠቀምበት መነሻ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ነው። አንባቢም ሜትሩን ዛሬ ማታ ወገቡ ላይ ያዙረው፤ ቀበቶ ከሚታሰርበት ሳይሆን ከፍ ብሎ፣ ሆዱን ሳይስብ። ቁጥሩ ካለፈ ስኳሩንና የደም ግፊቱን ይመርመር።