ይግባኝ የሌለው የጥርስ ፍርድ

ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ጨምሮ በጎንደር ገጠር ያደገ ሰው ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችን ያስታውሳል። ንቅሳቱ ለውበት ብቻ አልነበረም፤ ድድን ያጠነክራል ተብሎም ይታመንበት ነበር። መድኃኒቱ ባይሆንም እናቶቻችን አንድ ቁም ነገር አልሳቱም፤ ጥርስ የሚቆመው በድድ ነው።

የድድ ሕመም የሚጀምረው በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ በሚከማች ቆሻሻ ነው። ሲሰነብት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ያኔ መፋቂያም ሆነ ቡሩሽ አያነሳውም። ድዱ ያብጣል፣ ይደማል፤ ውሎ አድሮም ጥርሱን የያዘው አጥንት ይመነምናል። ክፋቱ ብዙውን ጊዜ አለማሳመሙ ነው። ባለቤቱ የሚነቃው ጥርሱ ሲነቃነቅ ነው።

የድድ ስፔሻሊስት በድድና በጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት በቀጭን መሣሪያ ይለካል። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤናማ ነው፤ ከዚያ ሲጠልቅ ያሰጋል። ከድድ በታች የተጋገረውን ይጠርጋል፤ ካስፈለገም ድዱን ከፍቶ ያክማል። ሕመሙን ስለሚያባብሱት ስለ ስኳርና ስለ ሲጋራም ይጠይቃል።

ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ገጠር ተነስቶ እንዲህ ያለ ሐኪም መፈለግ ለገበሬ ቀላል አይደለም። የተነቃነቀው ጥርስ ይነቀላል፤ ይግባኝ የለውም። ገና መድማት ሲጀምር የተደረሰበት ድድ ግን በጽዳት ብቻ ሊድን ይችላል። የጠፋ አጥንት ግን እንደነበረ አይመለስም።

እንግዲህ ለበዓል አገር ቤት ሲገቡ፣ እናትዎን ስለ ወገባቸው ብቻ አይጠይቋቸው። ድዳቸው ይደማ እንደሆነም ይጠይቋቸው።