የሞት ቅጣትና የዳኛው ጥርጣሬ

ከጌጫ የተነሣ የከባድ ነፍስ ግድያ መዝገብ በሸካ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፊት ቀረበ እንበል። ዳኛው የሞት ቅጣት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብለው ቢያምኑ ምን ያደርጋሉ? ቅጣቱን የሚደነግገውን አንቀጽ ራሳቸው መሻር አይችሉም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አይችልም። የሚችሉት ጥያቄውን ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መላክ ነው።

ጉባኤው 11 አባላት አሉት፦ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትና ምክትላቸው፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎች፣ ሦስት የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት። ትርጉም ያስፈልጋል ካለ የውሳኔ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ ይወስናል። በዚያ እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ወንበር ስላለው፣ የሸካ፣ የከፋና የቤንች ተወካዮችም ድምፅ ይሰጣሉ።

ክርክሩ የሚጠነክረው በሕገ መንግሥቱ ጽሑፍ ላይ ነው። አንቀጽ 15 ሕይወትን ከጠበቀ በኋላ በሕግ የተደነገገ ከባድ ወንጀልን ለይቶ ያወጣል። አንቀጽ 18 ደግሞ ጭካኔ የተሞላበትንና ኢሰብአዊ ቅጣትን ይከለክላል። የደቡብ አፍሪካ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ዓይነት ልዩ ሁኔታ አልነበረውም። በ1987 ዓ.ም. የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት 11 ዳኞች በነፍስ ግድያ የሚፈረደውን የሞት ቅጣት በአንድ ድምፅ ሻሩ፤ ምክንያታቸውን ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ጻፉ።

በእኛ አገር ታላቁ የዳኞች ልዩነት የታየው በደርግ ባለሥልጣናት መዝገብ ነው። በታኅሣሥ 1999 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ሹማምንታቸውን በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲል አንድ ዳኛ ተለዩ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ለፖለቲካ ቡድኖች የተሰጠው ጥበቃ በደርግ አዋጆች ቀርቷል፤ ጥፋቱ ከባድ ነፍስ ግድያ ነው አሉ። ልዩነቱ የወንጀሉን ስም እንጂ የቅጣቱን ሕገ መንግሥታዊነት አልነካም። በጥር ዕድሜ ልክ ተፈረደ፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ፤ ግንቦት 18 ቀን 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሞት ፈረደ።

አልተፈጸመም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 እነዚህን ወንጀሎች ከይቅርታ ቢያርቅም ርዕሰ ብሔሩ ሞትን ወደ ዕድሜ ልክ እንዲለውጡ ይፈቅዳል፤ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በግንቦት 2003 የ23ቱን ለወጡ። የደኅንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረ መድኅንን የገደሉት መኮንን ግን ሐምሌ 30 ቀን 1999 ተገድለዋል።

የሰው ነፍስ ጉዳይ በርዕሰ ብሔሩ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ማለቅ የለበትም፤ አንቀጽ 15 እና 18 በአደባባይ ሊመዘኑ ይገባል። አንቀጽ 84 ለዚህ በር ከፍቷል፦ ፍርድ ቤት ብቻ ሳይሆን ባለጉዳዩም አጣሪ ጉባኤውን መጠየቅ ይችላል።